ሙሽራዋ መኪና ሽማግሌ ፊት ስትቀርብ

ቆቦ ላይ መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጎማውን ነው ይባላል። ውሸት ነው። መጀመሪያ የሚያየው ሻጩን ነው። የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንዳደገ፣ ነገ ቢፈለግ የት እንደሚገኝ ያጠናል። ጎማውን ረገጥ ረገጥ የሚያደርገው ጥናቱን እስኪጨርስ እግሩ ሥራ እንዳይፈታ ነው። እኔ ዕድሜዬን በዚህ ዓይን ስጠና ኖሬ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ።

ጡረታ የወጣው ግን ደመወዜ እንጂ እኔ አይደለሁም። ጠዋት ቁርስ ቤት ሻይ ይዤ ስቀመጥ አንዱ ወንበር ይስብና «ጋሽ ሰይድ፣ የኤሌክትሪኳ መኪና እንዴት ናት?» ይለኛል። በነዳጅ ሰልፍ የተማረረ ሁሉ ዛሬ ወሬው ባትሪ ሆኗል። እኔ ስለ ባትሪ ያለኝ እውቀት ከእጅ ባትሪዬ አያልፍም፤ እነሱም ይህን ያውቃሉ። ቢሆንም ይጠይቁኛል። ይህ አመኔታ በነጻ የመጣ አይደለምና እንዴት እንደመጣ ልናገር።

ሥራ የጀመርኩት ደሴ ነው፤ መኪና እያስመጣ በሚሸጥ አንድ ድርጅት የመለዋወጫ መጋዘን ውስጥ። ሥራዬ ባሌስትራ መሸከምና ፍሬን ሸራ መቁጠር ነበር። ከዚያ ጨለማ ያወጡኝ የቅርንጫፉ ኃላፊ ኢንጂነር ጽጌ ናቸው። ኢንጂነር ብሎ የሚጠራቸው ግን አልነበረም፤ ለሁላችንም እትዬ ጽጌ ነበሩ። አንድ ቀን መጋዘን ገብተው ዕቃ ሳቀብል ቆመው አዩኝና «አንተ ከዕቃው ይልቅ የሰውን ፊት ነው የምታየው፤ ሽያጭ ክፍል ግባ» አሉኝ። ደመወዜ ያን ያህል አልጨመረም፤ ፀሐይ ማየቴ ግን ትልቅ ነገር ነበር።

እትዬ ጽጌ ሁለት አመል ነበራቸው። አንደኛው፣ ለመስክ ስንወጣ ጋቢና አይገቡም። ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አስረው ጭነቱ ላይ ይወጣሉ። የተጫነው በግ ከሆነ ከበጉ ጋር፣ ማሽላ ከሆነ ከማሽላው ጋር ይሄዳሉ። ሾፌሩ በእፍረት ይሞታል፤ እኔም ትልቅ ሴት ከኋላ ተሳፍረው ጋቢና መቀመጥ እየጨነቀኝ አብሬ እወጣለሁ። «ከፊት ሆነህ ስታያት ሁሉም መኪና ደህና ናት» ይሉኝ ነበር። ሲወርዱ አቧራ ለብሰው፣ ወገባቸውን እያሹ፣ የትኛው ብሎን እንደላላ ይናገራሉ።

ሁለተኛው አመላቸው ገመድ ፍለጋ ነበር። ገበያ ስንገባ የቆሙትን መኪኖች እየዞሩ ባለቤቱ ከራሱ ጨምሮ ያሰረውን ይፈልጋሉ፤ ገመድ፣ ሽቦ፣ የጎማ ቁራጭ። ሲያገኙ ቋጠሮውን በጣታቸው ይዳብሱታል። «ገመድ ባለበት ቦታ ፋብሪካው የረሳው ነገር አለ» የሚሉት ነገር ነበራቸው። እኔ ደንበኛው የሚፈልገውን ከአፉ ልሰማ ስሮጥ እሳቸው ከቋጠሮው ጨርሰው ይጠብቁኛል። የወደድኳቸው በዚህ ነው። ቁጣቸውም ቢሆን የእናት ነበር።

አንድ ጊዜ ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ጠርቶ አሠለጠነን። ትምህርቱ አሜሪካኖች ከመኪና ምን እንደሚፈልጉ የሚያስረዳ ነበር። ትልቅ ይወዳሉ፤ ከፍ ብለው መቀመጥ ይወዳሉ፤ ሞተሩ እንዳይሰማ ይፈልጋሉ፤ የኩባያ ማስቀመጫ ከሌላት ጥለዋት ይሄዳሉ አለን አሠልጣኙ። የጭነት መኪና ገዝተው ለብቻቸው ቢሮ እንደሚመላለሱባት ሲነግረን ከወልድያ የመጣ ባልደረባዬ እጁን አውጥቶ «ጭነቱስ?» ብሎ ጠየቀ። አሠልጣኙ ሳቀ። እኔ ግን በአሜሪካኖቹ አልፈረድኩም። የእኛም ባለጸጋ በሰጋር በቅሎ ሲሄድ እህል አልጫነባትም፤ ከፍ ብሎ መታየት የማይወድ ማን አለ? ያልገባኝ ሌላ ነገር ነበር። እዚያ ገዢው ያልወደደውን ፊት ለፊት ይናገራል፤ ፋብሪካው ሰምቶ ያስተካክላል። ራያ ላይ ደግሞ የሰው ዕቃ በባለቤቱ ፊት አይነቀፍም። ይህን ልዩነት ማንም አላስተማረንም፤ እኛም አላነሳነውም።

ከዚያ ቆቦ ላይ የሽያጭ ቢሮ ተከፈተና እኔ የአገሩ ልጅ ነኝ ተብዬ ተላክሁ። ብዙም ሳልቆይ ድርጅቱ አዲስ ትንሽ የጭነት መኪና ሊያስመጣ አሰበ። ብዙ ከማዘዙ በፊት አንዷን ለናሙና ላከና የገበሬውንና የነጋዴውን ሐሳብ የሚሰበስቡ ሁለት ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡ። ሰው የመጥራቱ ሥራ የእኔ ነበር። ሰው ጠርቶ በባዶ ሆድ ማነጋገር በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ስለዚህ ፍየል አሳረድኩ። ከቆቦም፣ ከሮቢትም፣ ከጎብዬም መጡ። በሉ፣ መረቁን፣ ከዚያ ተጠየቁ።

ምን ይጎድላታል ሲባሉ ሁሉም አንድ ቃል ተናገሩ። ኧረ ምን ይጎድላታል፣ ደግ ናት፣ ስላመጣችኋት አላህ ይስጣችሁ አሉ። አንድ ሽማግሌ ብቻ መኪናዋን ቀስ ብለው ዞሯትና «ሙሽራ ናት» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የአዲስ አበባዎቹ በደስታ ጻፉት። መኪናዋ ነጭ ናት፣ ታበራለች፤ ሙሽራ የሚለው ስም ለእኔም ጆሮ ጣመኝ። በኋላ በማስታወቂያው ላይ «ሙሽሪት» ተብላ ወጣች።

ከተጋበዙት መካከል ዘሀራ የምትባል የጎብዬ ሽንኩርት ነጋዴ ነበረች። አብረን ያደግን ነን፤ ሰይዶ ነው የምትለኝ። ባሏ ከሞተ በኋላ መሬት እየተከራየች ሽንኩርት ታመርታለች፤ ጭነቱን ግን በኪራይ መኪና ነበር የምታወጣው። የሽንኩርት ነጋዴ የራሱ መኪና ከሌለው የሚሠራው ለሾፌር ነው። ዘሀራ ያን ቀን እጇን የመኪናዋ ጎን ላይ አድርጋ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ የበላችበትን ሳህን አየችና ዘጋችው። መኪኖቹ ሲመጡ ቢሮዬ መጥታ ምን እንደምል ጠየቀችኝ። ግዢ አልኳት። ያላትን አሟጣ ከመጀመሪያዎቹ አንዷን ገዛች።

የዘሀራ ሽንኩርት ከማሳው ወደ አስፋልቱ ሲወጣ አንድ አሸዋማ ወንዝ ያቋርጣል። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ነገር ግን እኛ ቆላ ላይ በፀሐይ እየተጠበስን ደጋው ላይ ከዘነበ ጎርፉ ሳይጠሩት ይመጣል። ሙሽራዋ የመጀመሪያውን ትልቅ ጭነት ይዛ እዚያ አሸዋ ላይ ሆዷን አስቀመጠች። ዝቅ ያለች ነበረች፤ ጎማዋ በተሽከረከረ ቁጥር ትሰምጣለች። ወደ ምዕራብ ሰማዩ ሲጠቁር ሰው ከየማሳው ሮጦ መጣ። እኔም ተጠርቼ ስደርስ የጎደለው ጉልበት አልነበረም። የጎደለው መውጫ ነው። ጭነቱን ከግራና ከቀኝ የሚያጥረው ብረት፣ ስፖንዳ የምንለው፣ ከወለሉ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይወርድም። ጆንያ የሚወጣው በኋላ በኩል ብቻ ነው። አንዱ ጎትቶ እስኪያወጣ ያ ሁሉ ሰው እጁን ዘርግቶ ቆሞ ይጠብቃል። ጎኖቿ ቢወርዱ ኖሮ ሰዉ ከሦስት በኩል ገብቶ ባራገፋት ነበር።

ጎርፉ ድምፁን አስቀድሞ መጣ። ሰው ሸሸ፤ አላህ ይመስገን ማንም አልተነካም። መኪናዋ በጎኗ ተኛች። የዘሀራ የዓመት ልፋት ውሃው ላይ እየተንሳፈፈ ወደ አፋር ምድር ወረደ።

በማግሥቱ ቤቷ ሄድኩ። የሄድኩት እንድትሰድበኝ ነበር። እሷ ግን እጄን አስታጠበችኝ፤ ምሳ አቀረበችልኝ፤ የአላህ ነገር ነው፣ ደግ ነው አለች። ስወጣም «አቶ ሰይድ፣ ስለመጡ አላህ ይስጥልኝ» ብላ ሸኘችኝ። አቶ አለችኝ፤ አንቱም አለችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት ሴት እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ በክብር ሸኘችኝ። እንደዚያ ቀን አዝኜ አላውቅም። በራያ መኪና የሚሸጥ ሰው ከቃሉ ሌላ የሚሸጠው ነገር የለውም፤ የእኔ ቃል በዚያ ወንዝ ወርዷል።

ለእትዬ ጽጌ ደወልኩ። በገበያ ቀን መጡና ጤና ይስጥልኝ ሳይሉ ከቆሙት አዳዲስ መኪኖች መካከል ገቡ። ጥቂት ሰዎች ናቸው የገዙት፤ የሁሉም መኪና ግን በገመድ ተተብትቦ ነበር። ገመድ ማሰሪያ ቀለበት ስለሌላት አንዱ በመስኮት አሳልፎ አስሯል። ሌላው ጎኗን ከፍ ለማድረግ እንጨት በሽቦ ጠምዝዟል። አንዱ ደግሞ ጋቢና ውስጥ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ካለው የኩባያ ማስቀመጫ ላይ ትራስ አስሮበታል። እትዬ ጽጌ አንድ በአንድ እየዳበሱ ዞሩና ሰዉ ሁሉ ሙሽራ የሚላት ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ። በምሳው ቀን ስሙ እንዴት እንደወጣላትና ማስታወቂያው ላይ እንዴት እንደገባ ነገርኳቸው። መሬት ላይ እስኪቀመጡ ሳቁ። ከዚያ ድንገት ሳቃቸውን ተዉትና «ሰይድ፣ እናንተ አገር ሙሽራ ምን ሥራ ትሠራለች?» አሉኝ።

«ምንም» አልኩ።

«ከቤት ወደ ቤት የምትሄደውስ እንዴት ነው?»

«ታዝላ» አልኩ፤ ስናገረውም ገባኝ። እኒያ ሽማግሌ ፍየላችንን በልተው ሊሉት የሚችሉትን ያህል ብለውን ነበር። መኪናችሁ መታዘል እንጂ ማዘል አትችልም ብለውናል፤ እኛ ደግሞ ቃሉን ወስደን ማስታወቂያ ሠራንበት።

እትዬ ጽጌ በፍየሉ አልተቆጡኝም። ያበላኸውን ሰው ግን ስለ ዕቃህ አትጠይቀው፤ ወጪት ሰባሪ ላለመባል ይዋሽልሃል አሉኝ። ቀጥለውም የእናንተ ሰው እውነቱን የሚናገረው የት ነው ብለው ጠየቁ። ሽማግሌ ፊት አልኳቸው። «እንግዲያው እዚያ ክሰሱን» አሉ። የቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ፤ እሳቸው ግን ሻሻቸውን እያጠበቁ ነበር።

ዋናው መሥሪያ ቤት ጉዳዩን ሰምቶ ጥፋት እንዳያምኑ በስልክ አስጠነቀቃቸው። እትዬ ጽጌ ቆላ ላይ ኔትወርክ አይሠራም ብለው ስልኩን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ከጎብዬ ወጣ ብሎ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። የዘሀራን መኪና ከነጭቃዋ አስጎትተን ጥላው ሥር አቆምናት። ሽማግሌዎቹ እስላምም ክርስቲያንም ነበሩ፤ ጉባኤውን የሚመሩት ሼህ ይመር ናቸው። ዱአ ተደረገ። እርቁ እስኪያልቅ ማንም ምንም እንደማይቀምስ ተነገረ። ከዚያ የመኪናዋ ዋስ ማን እንደሆነ ሲጠየቅ እትዬ ጽጌ እጃቸውን አጣምረው ከመኪናዋ አጠገብ ቆሙ። እኔም ከጎናቸው ቆምኩ። ኢንጂነሯ እንደ ተከሳሽ ሲቆሙ ሰዉ አጉረመረመ፤ ሼህ ይመር በከዘራቸው ዝም አሰኙት።

ዘሀራ ተጠራች። ምን በደሉሽ ስትባል አልበደሉኝም አለች።

ሼህ ይመር «እዚህ ይሉኝታ የለም፣ ልጄ» አሏት። «እሱን ከዛፉ ወዲያ ጥለሽው ግቢ። ከዚህ ጥላ ሥር ሐቁን የደበቀ በረካው ነው የሚርቀው።»

ዘሀራ ነጠላዋን አስተካከለች። መጀመሪያ ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ እየቆየ ግን ገበያ ላይ የምናውቀው ድምፅ መጣ።

«እኛ የምታዝል ነው የፈለግነ፤ እነሱ የምትታዘል አመጡልነ። ሆዷ አሸዋ ይልሳል። ጎኗ አይወርድ። ገመድ የማስርበት ቀለበት እንኳ የላት። ገበያ የምንሄድ ሦስት ሁነን ነው፤ እኔ፣ ሾፌሩና ተሸካሚው። መሃል ላይ የኩባያ ቦታ አበጁላት፤ ተሸካሚየ ኩባያው ላይ ይቀመጥ? ይህን ሁሉ በዚያ በምሳው ቀን አይቸዋለሁ። ሥጋችሁን በልቸ እንዴት ብየ ልናገር? ሰይድ ግን ያገሬ ልጅ ነው፤ ሳልናገርም ያውቀዋል ብየ ነው የገዛሁ።»

የመጨረሻው ቃሏ ሲመጣ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ሌሎቹ ገዢዎችም እየተነሱ ተናገሩ። በምሳው ቀን ደግ ናት ያሉት ሰዎች ሁሉ አሁን የየራሳቸውን ብሎን ሳይቀር ቆጠሩ። እትዬ ጽጌ አንድም ጊዜ አላቋረጡም። መልስ ሲጠየቁ የተባለው ሁሉ ልክ መሆኑን ተናገሩና ፍርዱን እንደሚቀበሉ አስታወቁ።

ሽማግሌዎቹ ወደ ዳር ወጥተው መክረው ተመለሱ። ሼህ ይመር ፍርዱን ሲሰጡ «ጎርፉ የአላህ ነው፣ ማንም አይጠየቅበትም። ስፖንዳው ግን የሰው ነው» አሉ። በዚህም መሠረት ድርጅቱ መኪኖቹን ሁሉ ወስዶ እንደ ሰዉ ፍላጎት አስተካክሎ ሊመልስ፣ የዘሀራን የሚቀጥለውን ምርት ደግሞ በራሱ መኪናና በራሱ ነዳጅ ገበያ ሊያደርስ ተወሰነ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩና ከእንግዲህ ጭነህ ያላየኸውን፣ ሥሯ ገብተህ ያልመረመርካትን መኪና ለአገርህ ሰው እንዳትሸጥ አሉኝ። ማልኩ።

እትዬ ጽጌ በእርቁ ወረቀት ላይ የፈረሙት ዋናው መሥሪያ ቤት ሳይፈቅድ ነው። ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው፤ ማስጠንቀቂያውን አንብበው የሻይ ትሪ ሥር አነጠፉት። ከዚያ ደሴ ያለውን ጋራዥ ሥራ አስጀመሩት። ስፖንዳውን ቆርጠን በማጠፊያ አሰርነው፤ በሦስት በኩል እንዲወርድ ሆነ። ባሌስትራው ላይ ተጨማሪ የብረት ምላጭ ተደረበ፤ ሆዷ ከመሬት ተነሳ። በዙሪያዋ የገመድ ቀለበት በየድን። የኩባያው ቦታ ተነቅሎ ሦስተኛ መቀመጫ ገባ። ብየዳው ሲያልቅ እትዬ ጽጌ ጫማቸውን አውልቀው ስፖንዳው ላይ ቆሙና ዘለሉበት። ከዚያ እኔንም ዝለል አሉኝ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች መኪና ላይ ስንዘል የጋራዡ ሰዎች ሥራ አቁመው ያዩን ነበር።

የዘሀራን ቀጣይ ሽንኩርት ወደ ደሴ የወሰድነው እኔና እትዬ ጽጌ ነን፤ ጭነቱ ላይ ተቀምጠን። ዘሀራ ጋቢና ነበረች። ወልድያ ላይ መኪናው ሲቆም ወረደችና ወደ ላይ አንጋጣ «ሰይዶ፣ ፀሐዩ አልበዛብህም?» አለችኝ። እትዬ ጽጌ ለምን እንዳለቀስኩ ጠየቁኝ፤ የሽንኩርቱ ነው አልኳቸው።

በሚቀጥለው ዙር የመጡት መኪኖች ጎናቸው የሚወርድ፣ ሆዳቸው ከፍ ያለ ሆነው መጡ። አዲስ አበባ ያሉት አለቆች ራሳቸው ያሰቡት አድርገው አወሩት። እትዬ ጽጌ በስንብታቸው ቀን እንኳ ያነሱት ስለ ባሌስትራ ጥራት ነው። ዛሬ በሕይወት የሉም። ነፍሳቸውን ይማርልኝ።

አሁን የኤሌክትሪክ መኪና የሚሸጡት ጎረምሶች አንዳንዴ ምክር ይጠይቁኛል። የማውቀው ትንሽ ነው። ቆቦም ሆነ አሜሪካ፣ መኪና ገዢ የሚፈልገው የሚኖረውን ኑሮ የምታውቅ መኪና ነው። አሜሪካዊው ኩባያውን የሚያስቀምጥበት ቢፈልግ ረጅም መንገድ ብቻውን ስለሚነዳ ነው፤ የእኛ ሰው ቀለበት ቢፈልግ ገመድ ስለሚያስር ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ፋብሪካው የአንዱን መልስ ለሌላው ሲልክ ነው ነገር የሚበላሸው። ድምፅ የላትም እያሉ የሚያመሰግኗትን መኪና በቆቦ ገበያ አህያና ሽማግሌ መካከል አንድ ቀን ንዱባትና ከዚያ ተመስገኑባት እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ይሞክሩታል።

ጦርነቱ መጥቶ ሲያልፍ ዘሀራ መኪናዋን አጥታ ነበር። ነፍሷና ልጆቿ ተርፈዋል፤ ሌላው ይተካል ብላ እንደገና በኪራይ መኪና ጀመረች። ባለፈው ወር ስልኬ ጮኸ። ሽንኩርት ማሳ ውስጥ ሆና ነው የደወለችው፤ የሰዉ ጫጫታ ይሰማል። መኪና ልትገዛ እንደሆነ፣ ወልድያ አንዲት ደህና ያገለገለች መኪና እንዳለች ነገረችኝና ሄደህ እይልኝ አለችኝ። ጡረታ መውጣቴን፣ ጉልበቴም ማጠፍ እንዳስቸገረኝ ነገርኳት። ይህን ያህል ገንዘብ የምታወጣበትን ነገር ራሷ መጥታ ካላየች እንደማይሆንም ነገርኳት።

«ዘሀራ፣ አንድ ጊዜ በእኔ ቃል ገዝተሽ ያየሽውን አይተሻል» አልኳት። «አብረን እንሂድ።»

«ሽንኩርቱን ማን ይነቅልልኛል?» አለች። «አንተ ካየኻት እኔም አይቻታለሁ።» ስልኩን ዘጋችው።

በማግሥቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወልድያ ገባሁ። ሻጩ ንጹሕ የለበሰ፣ ትሑት ሰው ነው። ሞተሩን አስነስቶ አሰማኝ፤ ቀለሙን አሳየኝ፤ ስፖንዳዋን ወርውሮ አወረደው። እኔ ግን ወደ ታች ስመለከት ጊዜ ደነገጠና «አባቴ፣ ልብስዎ ይቆሽሻል» አለኝ። ኮቴን አውልቄ አስያዝኩትና በጀርባዬ ተኝቼ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ።